600 ወይስ 650? ሁለቱን ሄድፎኖች ሳንሸወድ የማወዳደር ዘዴ

ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አንዱን አንግሦ ሌላውን ለመጣል አይደለምና። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ወጣ። ኤችዲ 650 በ2003 ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ጥራት ያለው ድምፅ የሚወዱ ሰዎች በሁለቱ ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዱ «600ው ሐቀኛ ነው፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያሰማል» ይላል። ሌላው «650ው ሞቅ ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ባዳምጥበት አይሰለቸኝም» ይላል። የ600ው ወዳጆች ደግሞ መልሰው «650ው ፊት መጋረጃ የተጋረደ ይመስላል» ይላሉ።

ሁሉም የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ግን የሰሙት ነገር ከሄድፎኑ ይምጣ ከሌላ ነገር ብዙዎቹ አላጣሩም። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። የሁለቱም ጀርባ ክፍት ነው። የሁለቱም የኤሌክትሪክ መቋቋም (ኢምፒዳንስ) 300 ኦም ነው። ስፖንጃቸውና ገመዳቸው እንኳ ይቀያየራል። በአብዛኛው የድምፅ ክልል የሚለያዩት በ1 ወይም በ2 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው። ያረጀ ስፖንጅ ብቻውን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል። ትንሽ ከፍ ያለ ቮልዩምም እንዲሁ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ አስቀድማችሁ ካላስተካከላችሁ የምታወዳድሩት ስፖንጅን ከስፖንጅ፣ ቮልዩምን ከቮልዩም ነው።

መመሪያው በእነዚህ በሁለቱ የተጻፈ ቢሆንም ለሌላ ጥንድም ይሠራል። ዝግጅቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማዳመጡ ደግሞ ሳምንታት። የሚያስፈልጉት ነገሮች ቀላል ናቸው፦ አንድ አምፕሊፋየር (ሄድፎኑን የሚነዳ ማጉያ፤ ባጭሩ አምፕ)፣ ድምፅ የሚለካ አፕ የተጫነበት ስልክ፣ የማትፈልጉት አሮጌ ሲዲ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ እርሳስና ደብተር። የሚረዳችሁ ሰው ካለ ደግሞ እሰየው።

1. መጀመሪያ አካላቸውን መርምሩ

አንድ ጊዜ ያገለገለ 650 ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሰካሁት። ድምፁ የታፈነ፣ ቤዙም (ወፍራሙ፣ የታችኛው ድምፅ) የተዝረከረከ ሆነብኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ «እውነትም መጋረጃ አለው» እያልኩ ስናገር ከረምኩ። አንድ ቀን ስፖንጁን ከ600ው ስፖንጅ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። የ600ው ጣት ያህል ወፍራም ነበር። የ650ው ግን እንደ ቂጣ ተለጥፏል። አዲስ ስፖንጅ ሳደርግለት ሌላ ሄድፎን ሆነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስፖንጁ ሲተኛ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ወደ ጆሮ ይጠጋል፤ በጆሮና በሄድፎኑ መካከል ያለው አየርም ያንሳል። ያኔ ቤዙም ትሬብሉም (ቀጭኑ፣ የላይኛው ድምፅ) ይቀየራል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዕድሜ ስፖንጅ አወዳድሩ። ከተቻለ ሁለቱም አዲስ ይሁኑ። ካልተቻለ አንዱን ጥንድ ስፖንጅ ለሁለቱም በየተራ ተጠቀሙበት። ጠርዙን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ይነቀላል፤ ስትመልሱት ዙሪያውን ጫን ጫን እያደረጋችሁ ቀጭ ሲል ትሰማላችሁ። ቀጭ ያላለ ጎን ካለ አየር ያስገባል፤ ቤዙ ይሳሳል።

ከስፖንጁ በታች ያለውን ስስ ጨርቅም እዩት። አቧራና ፀጉር ይሰበሰብበታል። ገመዱን ንቀሉና መልሳችሁ አጥብቃችሁ ሰኩት። ግራና ቀኙ እንዳልተምታታ አረጋግጡ። ራስ ላይ የሚያርፈውን ማሰሪያ በሁለቱም ላይ እኩል ርዝመት ላይ አቁሙት።

100 ሰዓት ሳታጫውቱት አትፍረዱ የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ብዙ አላምንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በግልጽ የሚለወጠው የስፖንጁ ልስላሴና የማሰሪያው ጥብቀት ነው። አዲስ 600 ራስን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ውሎ አድሮ ይላላል።

2. መንገዱን አንድ አድርጉት

አንድ የሙዚቃ ፋይል፣ አንድ ማጫወቻ፣ አንድ አምፕሊፋየር። ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ አምፕ ከተጠቀማችሁ ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ። ኢኳላይዘር (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ)፣ ቤዝ ማጉያ፣ የዙሪያ ድምፅ ማስመሰያ፣ ሁሉንም አጥፉ። ፋይሉ ፍላክ (ድምፁን ሳያጎድል የሚይዝ የፋይል ዓይነት) ቢሆን ጥሩ ነው።

በቀጥታ ከስልክ መስማት ይቻላል፤ ግን ሄድፎኖቹ ሙሉ ጉልበታቸውን አያሳዩም። 600ው በ1 ሚሊዋት 97 ዴሲቤል ገደማ ያሰማል። በ300 ኦም ላይ 1 ሚሊዋት ለማድረስ 0.55 ቮልት ያስፈልጋል። ኦርኬስትራ በድንገት ሲፈነዳ 110 ዴሲቤል ድረስ ሳይታፈን ይውጣ ካላችሁ ደግሞ ወደ 2.5 ቮልት ትጠጋላችሁ። ብዙ ስልኮች ይህን አይሰጡም።

አምፓችሁ በቫልቭ (እንደ አምፖል በሚግል የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። 300 ኦም የተባለው በሁሉም ድምፅ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ቤዝ አካባቢ፣ ወደ 100 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ሲጠጋ፣ በሁለቱም ላይ እስከ 500 ኦም ገደማ ይወጣል። የአምፑ የራሱ የመውጫ ኦም ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ 100 ኦም፣ ቤዙ ከሌላው ድምፅ 1 ዴሲቤል ያህል ጎላ ይላል። የሁለቱ ሄድፎኖች ልዩነት ራሱ 1 ወይም 2 ዴሲቤል ነው ብለናል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት አምፕ 600ው ወደ 650ው ይጠጋል፤ 650ው ደግሞ ከልኩ በላይ ይሞቃል። የመውጫ ኦሙ ከ37 በታች የሆነ አምፕ ካላችሁ ማወዳደሩን በእሱ አድርጉት። የቫልቩን በኋላ ስትዝናኑ ትደርሱበታላችሁ።

3. ድምፃቸውን እኩል አድርጉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ ተግባራዊ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ።

ሁለት ድምፆች አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ከሌላው በግማሽ ወይም በ1 ዴሲቤል ከፍ ቢል፣ ጆሮ «ይሄኛው ይጮኻል» አይልም። «ይሄኛው ይበልጥ ጥርት ይላል፣ ቤዙ ይደምቃል፣ ሕይወት አለው» ነው የሚለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ በሌላ ትርጉም እውነት ይሆናል። የጆሯችን ቤዝና ትሬብል የመስማት አቅም ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ይጨምራል። ፍሌቸርና መንሰን ይህን በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ትንሽ ከፍ ያለው ሄድፎን ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ዕድል አለው። ሁለቱ በአንድ የቮልዩም ቦታ ላይ እኩል ይጮኻሉ ብላችሁ አትመኑ።

አለካኩ እንዲህ ነው።

የሄድፎኑን ኩባያ ስፖንጁ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት። አሮጌውን ሲዲ በስፖንጁ ላይ ክደኑት። ሲዲው 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ስፖንጁን ሙሉ ለሙሉ ይሸፍነዋል። መሃሉ ላይ ያለችው 15 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ደግሞ የመለኪያ በር ትሆናችኋለች። የስልካችሁን ማይክ ቀዳዳዋ ላይ አስጠጉ። በብዙ ስልኮች ማይኩ ከታች ጠርዙ ላይ፣ ቻርጀር ከሚሰካበት አጠገብ ያለችው ትንሽ ነጥብ ናት። በስልኩና በሲዲው መካከል የቀረውን ክፍተት በፕላስተር ዝጉ። ሲዲውን በሁለት ጣት በስሱ ተጫኑት። ለሁለቱም ሄድፎኖች አጫጫናችሁ እኩል ይሁን።

ከመለካታችሁ በፊት ስልኩን ፈትኑት። አንዳንድ ስልክ የሚገባውን ድምፅ በራሱ ፈቃድ ያሳንሳል፣ ያጎላል። ማጫወቻው ላይ በትክክል 6 ዴሲቤል ጨምሩ። አፑ የሚያሳየው ቁጥርም በ6 መጨመር አለበት። በ3 ብቻ ከጨመረ ስልኩ እየዋሻችሁ ነው፤ ሌላ አፕ ወይም ሌላ ስልክ ሞክሩ። ትክክለኛው የዴሲቤል ቁጥር ራሱ አያስጨንቃችሁ። የምንፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

አሁን ፒንክ ኖይዝ አጫውቱ። ፏፏቴ የሚመስል ሽሽሽ የሚል ድምፅ ነው። ሙሉውን ሳይሆን ከ500 እስከ 2,000 ሄርዝ ያለው ብቻ እንዲቀር አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ነፃ የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌሮች ይህን ያደርጋሉ። ለምን? ሁለቱ ሄድፎኖች የሚለያዩት በተለይ በቤዝና በትሬብል ነው። ሙሉውን ከተጠቀማችሁ የ650ው ተጨማሪ ቤዝ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። እናንተም «ጮኸ» ብላችሁ ትቀንሱታላችሁ። ያኔ የሰው ድምፅ የሚገኝበት መሃሉ ከልኩ በታች ይወርዳል፤ መጋረጃ የሚባለውን ነገር በገዛ እጃችሁ ጋረዳችሁት ማለት ነው።

እያንዳንዱን ሄድፎን ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩ። በየጊዜው ሲዲውን አንስታችሁ መልሱት። ሦስቱ ንባቦች ከ1 ዴሲቤል በላይ ከተራራቁ ሲዲው አልገጠመም፤ ድገሙት። አማካዩን ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ የሁለተኛውን ቮልዩም እስኪስተካከል ድረስ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል ካነሰ ጥሩ ሠርታችኋል።

በአምፑ ማዞሪያ ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ለ600ው አንድ፣ ለ650ው አንድ ጭረት በእርሳስ አድርጉ። የማጫወቻው ቮልዩም በዴሲቤል የሚቆጥር ከሆነ ግን ማዞሪያውን ጨርሶ አትንኩት። ልዩነቱን በማጫወቻው አስተካክሉ፤ ከእጅ ይልቅ ቁጥር ይታመናል።

መጨረሻ ላይ በጆሯችሁ አረጋግጡ። አንድ ሰው ያለ ሙዚቃ የሚናገርበትን ቅጂ ክፈቱ። ሁለቱን ስትቀያይሩ ተናጋሪው በአንደኛው ወደ እናንተ የተጠጋ ከመሰላችሁ እንደገና ለኩ።

ስትቆዩ እጃችሁ ቮልዩም ለመጨመር ይቃጣዋል። አትፍቀዱለት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ማወዳደር ረጅም ሥራ ነው፤ የደከመ ጆሮ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ትሬብሉን ነው። በየ20 ደቂቃው አውልቃችሁ ዝምታ ስሙ።

4. ሙዚቃ ምረጡ

አራት ወይም አምስት ይበቃል። በልባችሁ የምታውቋቸው ይሁኑ። ከእያንዳንዳቸው 15 ሰከንድ ያህል ቆርጣችሁ እንዲደጋገም አድርጉ።

አንደኛው ብቻዋን የምትዘፍን ሴት ይሁን። የእነዚህ ሁለት ሄድፎኖች ጨዋታ ያለው እዚያ ነው። ሦስት ነገር አዳምጡ። ከቃሉ በፊት የምትስበውን ትንፋሽ፣ «ሰ» እና «ሸ» ስትል የሚወጣውን ፉጨት፣ ወደ ታች ስትወርድ ከደረቷ የሚመጣውን ድምፅ። 600ው ላይ ትንፋሹ ቀደም ብሎ ይሰማችኋል፤ ከንፈሯ ሲላቀቅ እንኳ ይታወቃል። 650ው ላይ ያው ትንፋሽ አለ፤ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሟል። በምትኩ ደረቷ ሰፋ ይላል። ምክንያቱ በ3,000 እና በ4,000 ሄርዝ አካባቢ 600ው ትንሽ ጎላ ማለቱ፣ በቤዙ የላይኛው ክፍል ደግሞ 650ው ትንሽ መወፈሩ ነው።

ሁለተኛው የቆመ ባለ ገመድ ቤዝ የሚጫወትበት ይሁን። ጣት ገመዱን ሲለቅ «ጥፍ» የምትል ድምፅ አለች፤ ከኋላዋ የእንጨቱ ጉምጉምታ ይከተላል። 600ው ጥፍታዋን ያስቀድማል። 650ው ጉምጉምታውን ያቆያል። እዚህ ላይ ግን አንድ ምክር አለኝ። መሬት የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ ይዛችሁ አሸናፊ አትፈልጉ። ሁለቱም ከ60 ሄርዝ በታች እየደከሙ ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ፒያኖ ይሁን። በግራ እጅና በቀኝ እጅ መካከል ያለውን ሚዛን ስሙ። አራተኛው ሲምባል ያለበት፤ ናሱ ከተመታ በኋላ እየጠፋ ሲሄድ እስከ ምን ድረስ ተከተላችሁት? አምስተኛው በደንብ ያልተቀረጸ፣ የምትወዱት አሮጌ ዘፈን። በዚህኛው ብዙ ጊዜ 650ው ይመረጣል፤ ሹል ሹሉን ያለሰልሳል።

5. ቀይሩ፣ ቀይሩ፣ ጻፉ

የድምፅ ትዝታ አጭር ነው። የዘፈኑን ዜማ ለዓመታት እናስታውሳለን፤ የድምፁን ጥቃቅን ቀለም ግን ከጥቂት ሰከንዶች በላይ በትክክል አንይዝም። ትናንት 600 ሰምቶ ዛሬ 650 የሚሰማ ሰው ስሜቱን ከስሜቱ ጋር ነው የሚያወዳድረው። ስለዚህ ሁለቱንም ጭናችሁ ላይ አስቀምጡ፤ አምፑ ሁለት መሰኪያ ካለው ሁለቱንም ሰኩ። የአንዱ 15 ሰከንድ ሲያልቅ ሌላውን አድርጉ።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ። 600፣ 650፣ 650፣ 600። ቀጥሎ በተቃራኒው። ሁልጊዜ ከአንዱ ከጀመራችሁ ሁለተኛው የሚሰማው ከመጀመሪያው አንጻር ብቻ ነው።

አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ጆሯችሁ በስፖንጁ መሃል ይግባ። አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲሄድ ትሬብሉ ይለወጣል። መነጽር ካላችሁ አውልቁ፤ ፀጉር በስፖንጁ ሥር አይግባ።

ስትጽፉ «ይጥማል»፣ «ይሞቃል» ብላችሁ አትተዉት። የትኛው ድምፅ፣ በስንተኛው ሰከንድ፣ ምን ሆነ? «በ9ኛው ሰከንድ የሴትየዋ ሸ በ600ው ጆሮ ወጋኝ፤ በ650ው አልወጋኝም» የሚል መስመር ከአንድ ገጽ ውዳሴ ይሻላል።

6. ዓይን ይጨፈን

በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ድምፅ ማጉያዎች እያዩም ሳያዩም እንዲያዳምጡ አድርገው ነበር። የሰጡት ነጥብ ሲያዩና ሳያዩ ተለያየ። ማዳመጥ ሥራቸው የሆኑ ሰዎች እንኳ ከዚህ አላመለጡም። ስለዚህ እኔም እናንተም አናመልጥም።

በሄድፎን ይህን ማድረግ ያስቸግራል፤ ራስ ላይ ያለው ስሜት ያሳብቃል። ለዚህ ነው ስፖንጁ አንድ ዓይነት መሆን ያለበት። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ረዳታችሁ ሳንቲም እየጣለ አንዱን ያድርግላችሁ፤ ቮልዩሙንም እሱ ያስተካክል። እናንተ እጃችሁን ከሄድፎኑ አርቁ። 10 ጊዜ ገምቱ። በዘፈቀደ እየገመቱ ከ10 ጊዜ 9 ወይም 10 መምታት ከ100 አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ የሚያጋጥም ነው። 9 ከመታችሁ ልዩነቱን በእርግጥ ለይታችኋል ማለት ይቻላል። 6 ከመታችሁም አትዘኑ፤ አጠገባችሁ ያለው የትኛውም ቢሆን ብዙ አልጎደለባችሁም ማለት ነው።

7. አብራችሁ ኑሩ

ፈጣን መቀያየር ልዩነትን ያሳያል። የትኛው እንደሚስማማችሁ ግን አይነግራችሁም። ለዚህ አንዱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉና ከሌላው ጋር ሳምንት ክረሙ። ቀጥሎ ተራውን ቀይሩ።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ይገጥማችኋል። ከ600ው ወደ 650ው ስትሻገሩ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የታፈኑ ይመስላሉ። ያ የተባለው መጋረጃ እሱ ነው። ግማሽ ሰዓት ስትቆዩ ይገለጣል፤ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ይገኛል። ከዚያ ወደ 600ው ስትመለሱ ደግሞ ዘፋኟ የምትጮህባችሁ ይመስላል። ሁለቱም ስሜቶች ከመሻገሩ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አትመዝግቡ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሩ። ድካም ካለ፣ ሳታስቡት ቮልዩም ካወረዳችሁ፣ አንድን ዘፈን ከዘለላችሁ፣ እሱን ጻፉ።

8. አንዱን ወደ ሌላው ለውጡ

ይህን የመጨረሻ ሙከራ እወደዋለሁ። ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር (የምትፈልጉትን ሄርዝ መርጣችሁ የምትጨምሩበትና የምትቀንሱበት) ክፈቱ። ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ጠቅላላውን 2 ዴሲቤል ቀንሱ። 600ውን አድርጉና በ120 ሄርዝ አካባቢ 1.5 ዴሲቤል ጨምሩ፤ ከ3,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ደግሞ 1.5 ቀንሱ። ይህ መነሻ ነው፤ ቀሪውን በጆሯችሁ አስተካክሉ። ቮልዩሙን ግን በሲዲው እንደገና ለኩ። 650ው ከሆነላችሁ ሁለቱን መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

እኔ ሳደርገው በሴቲቱ ድምፅ በጣም ተቀራረቡ። ፒያኖው ላይ ግን ግራ እጁ አልገጠመልኝም፤ ብዙ ደክሜበታለሁ። እናም ሁለቱም አሁንም አብረውኝ ናቸው። የተቀረጸ ንግግር ሳርም 600ውን አነሣለሁ። ሥራ አልቆ መብራት ሲጠፋ 650ውን።

ስፖንጅ በቀየራችሁ ቁጥር ግን ፕላስተሩ ላይ ያለው ጭረት አይሠራም። ሲዲውን አውጡና እንደገና ለኩ።